በእህቴ ሽፈራው ውስጥ የተገኘው በሶ

ያን ቀን እኔና እህቴ ለተ በረንዳው ላይ ተቀምጠን የደረቀ የሽፈራው ቅጠል ከእንጨቱ እየለየን ነበር። ለተ ከራያ ቆላ የሚመጣላትን ቅጠል በጥላ ታደርቃለች፣ እንጨት እንጨቱን ትለቅማለች፣ ታስፈጫለች፣ ክዳን ባለው ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ አሽጋ ትሸጣለች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ስለሆንኩ የድርጅቱ ሁለተኛ ሰው ነበርኩ። ድርጅቱ ያለው ሁለት ሰው ነው። ሁለተኛ ሰው ማለት እንጨት ለቃሚ፣ ተሸካሚ፣ ደግሞም ዕቃው ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ በአማርኛ የሚጽፍ ማለት ነው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ከሌላ ክልል መጥተው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምሩና የሚማሩ ናቸው። «አማርኛህ ያነክሳል፤ ግን ይደርሳል» ትለኝ ነበር ለተ። ይኸው አሁንም እያነከሰ ነው፤ ታገሡኝ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለችኝ ከኔ ክምር አንድ ነገር አንሥታ።

«ቅጠል።»

«ይኼ እንጨት ነው። ሰው ጥርሱን ይፍቅበታል እንጂ አይጠጣውም።»

እንጨቷን ግንባሬ ላይ ወረወረችልኝ። ከዚያ ሰዓቷን አየችና «በል ተነሣ፤ ውጤቱ ዛሬ ነው» አለች።

ውጤቱ የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው የመጣው። ሰፈራችን ሓድነት ውስጥ፣ ለተ ሽፈራው ላይ ሣር እየቀላቀለች ትሸጣለች የሚል ወሬ ተነሣ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ወሬ አባቱን ጠይቀውት ተናግሮ አያውቅም። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ባለ ፋርማሲ ዕቃዋን መደርደሪያው ላይ ሊያስቀምጥላት ቃል ገብቶ ነበር። ወሬውን ሲሰማ ግን «ካንቺም ከኔም ጋር ዝምድና የሌለው ላቦራቶሪ መርምሮት ወረቀት አምጪ» አላት።

ለተ መደርደሪያውን ቀና ብላ አየችው። ለጉልበት፣ ለደም፣ ለእንቅልፍ፣ ለጸጉር ተብለው የተደረደሩ ብዙ ዕቃዎች አሉ። ሁሉም ላይ «በላቦራቶሪ የተረጋገጠ» የሚል ወርቅማ ክብ ወረቀት ተለጥፏል።

«የትኛው ላቦራቶሪ ነው ያረጋገጠው?» አለችው።

«ተለጥፎበታል እኮ።»

«የተለጠፈበትማ የማይክሮስኮፕ ሥዕል ነው።»

ባለ ፋርማሲው ዕቃውን ወደ ብርሃን አዙሮ አገላበጠው። «ሥዕሉ ግን ጥሩ ነው» አለ።

ለተ ስትናደድ በፍጥነት ትራመዳለች። እየሮጥኩ ስከተላት «ልጁ ግን ያለው ነገር ልክ ነው» አለችኝ። «የራሴን ዕቃ እኔ ጥሩ ነው ብል ማን ያምነኛል? ችግሩ ናሙናው ነው። ናሙና ማለት ለእጮኛ ቤተሰብ የሚቀርብ ልጅ ነው። ታጥቦ፣ ጸጉሩን ተቆርጦ፣ የጎረቤት ኮት ለብሶ ይቀርባል። እነሱም ኮቱን አይተው ልጃቸውን ይሰጣሉ።»

ስለዚህ እኛ ኮት የማናውሰው ናሙና እንድናወጣ ወሰነች። ይህ የሆነው ቅጠል ለቀማው ላይ ከተቀመጥንበት ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ዱቄቱን የምታሽግበት ክፍል አላት፤ ያለ ጓንትና ያለ ጸጉር መሸፈኛ አይገባበትም፤ ቁልፉም ከአንገቷ አይወርድም። እናታችን በገዛ ቤቷ አንድ ክፍል ስለተከለከለች ያን ክፍል «ኤምባሲው» ነው የምትለው። ለተ እኔን አልብሳ አስገባችኝና «ዐይንህን ጨፍነህ ከከረጢቱ መሐል ዝገን፤ መምረጥ የለም» አለችኝ። ጨፈንኩ። መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ የለተን ትከሻ፣ በሦስተኛው ዱቄቱን አገኘሁት። ላቦራቶሪው የጠየቀው ጥቂት ስለነበር ዕቃው ግማሽ ያህል ብቻ ሞላ። ከክፍሉ አውጥተን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነው እሷ ማሸጊያ ፕላስተር ልትፈልግ ኤምባሲው ገባች፣ እኔ ጫማዬን ልቀይር ሄድኩ። ስመለስ ዕቃው ክዳኑ ተገጥሞ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። መቼም ለተ ጥንቁቅ ናት ብዬ ታቅፌው ሚኒባስ ገባሁ። የሓድነትን የድንጋይ ንጣፍ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እኔም ዕቃውም እኩል ተናጥን።

እንግዲህ ውጤቱን ላምጣ ብዬ ከበረንዳው ተነሣሁ።

ላቦራቶሪው ወደ እንዳ ኢየሱስ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የመረመረችው ልጅ ትዕግሥት ትባላለች፤ የደሴ ልጅ ናት።

«የሽፈራው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ቁጭ በል።»

ባለሙያ ቁጭ በል ሲል ደስ አይልም። ርእሰ መምህሬ ቁጭ በል ያለኝ አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ወላጅ አምጣ ነው የመጣው። ቁጭ አልኩ።

«እህትህ ምንድን ነው የምትሸጠው?»

«ሽፈራው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«በሶ አትሸጥም?»

እኛ ጥሕኒ የምንለው ነው፤ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ። አትሸጥም አልኳት። ትዕግሥት ከዕቃው ጥቂት ወስዳ ውሃ አድርጋበት አዮዲን ጠብ አደረገችበት። ወዲያው ጠቆረ። ሽፈራው ብቻውን ቢሆን እንዲህ እንደማይጠቁር፣ የእህል ዱቄት ሲኖር እንደሆነ አስረዳችኝ። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎነበሰችኝ።

«ምን ይታይሃል?»

«ጥቁር ቀጭን ነገር። ብዙ ነው።»

«እሱ ሽፋሽፍትህ ነው። ትንሽ ራቅ በል።»

ራቅ አልኩ። ከዚያ ምንም አልታየኝም፤ ግን ታየኝ አልኩ። «ቀላል አይደለም» አለች። «ግማሽ ይጠጋል።»

«ላቦራቶሪው ተሳስቶ ቢሆንስ?» አልኳት። ስድብ እንደሆነ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። እሷ ግን አልተቀየመችም።

«እኛ የምናየው ያመጣችሁልንን ነው» አለች። «የምትሸጡትን አላየሁም። ትክክለኛው መንገድ እኔ ራሴ ሳትጠብቁኝ መጥቼ ብገዛ ነበር፤ እሱን የሚያዝዘኝ የለም። ይህ ወረቀት የሚናገረው ስለዚች አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ሰው ግን ስለ ቤታችሁ ሁሉ አድርጎ ያነበዋል።» ቀጥላ ዝቅ ባለ ድምፅ «በሶው ግን በጣም ጥሩ ነው። ሽታው አገሬ ወሰደኝ» አለች።

አሁን ብልህ ሰው ቢሆን ወረቀቱን አጥፎ ቀጥታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ታማኝ ነኝ። ለተ፣ ባለ ፋርማሲው እንዳይጠራጠር አንዱን ቅጂ ሳይውል ሳያድር አድርስለት ብላኝ ስለነበር አደረስኩለት። እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሽሮፕ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ።

«አትዘኑ» አለኝ ባለ ፋርማሲው። «ሌላ ላቦራቶሪ ሞክሩ። እስኪስማማችሁ ድረስ መሞከር ነው። ሌሎቹስ እንዴት ያገኙታል ብለህ ነው?»

ሴቶቹ ባጃጅ ያዙ፤ እኔ በእግሬ ሄድኩ። ሰፈር ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ድሮ ሣር ነበር፤ አሁን ገብስ ሆኗል። አንዲት ጎረቤት «ደግነቱ ተሻሽሏል» ስትል ሰማሁ።

ለተ ወረቀቱን ቆማ አነበበች፣ ተቀምጣም አነበበች። «ለአደይ አትንገራት» አለችኝ መጀመሪያ። እናታችንን አደይ ነው የምንላት፤ ሰፈሩ አደይ ለምለም ይላታል። ከዚያ ነጠላዋንና ከከረጢቱ ጥቂት ዱቄት አነሣችና ወደ ወፍጮ ቤት ተንደረደረች፤ እኔም ተከተልኳት። ቅጠላችንን የሚፈጩልን አያ ግደይ ናቸው። ከአባታችን ጋር አብረው ያደጉ፣ ለተን «ጓለይ»፣ ልጄ፣ ብለው የሚጠሩ ሰው ናቸው።

«አያ ግደይ፣ ገብስ ፈጭተው ወፍጮውን ሳያጸዱ ነው የኔን ያስገቡት» አለች፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ።

አያ ግደይ ሞተሩን አጠፉት። እሳቸው ሞተር የሚያጠፉት ለቀብርና ለመብራት መቋረጥ ብቻ ነው። «ጓለይ፣ ወፍጮዬ እፍኝ ሊደብቅ ይችላል» አሉ። «ግማሽ ዕቃ የሚደብቅበት ኪስ ግን የለውም። ያንን ቀን ካንቺ ቅጠል በፊት የገባ እህል አልነበረም።»

«ታዲያ ገብሱ ከየት መጣ?»

«አምጪው።» ለተ ከያዘችው ዱቄት ዘግነው አፋቸው ውስጥ ጨመሩት። አኘኩት። «እዚህ ውስጥ ገብስ ካለ ጥርሴ ይርገፍ» አሉና ምስክር እንድንሆን ጥርሳቸውን አሳዩን። ጥርሳቸው በሙሉ አረንጓዴ ሆኗል። ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች ሣቁ። ለተ ሣቋ መጣባት፣ ያዘችው፣ ተናዳ ወጣች። በመንገድ ላይ «እኚህ ሰውዬ አይዋሹም» አለች። ያ ደግሞ የባሰ ነው፤ እሳቸው ካልዋሹ ገብሱን ያመጣው ማን ነው?

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ኩባያ ይዛ በርበሬ ልትበደር መጣች። አደይ በርበሬዋን አራግፋ ገለበጠችላት፤ ኩባያውን ግማሽ ብቻ ሞላው። አደይ ትንሽ አሰበችና ሽሮ አውርዳ የቀረውን በሽሮ ሞላችው። ጎረቤታችን ይህን ስታይ ቅንድቧን እንኳ አላነሣችም። እኛም አላነሣንም፤ ስናድግ ያየነው ነው።

«ጎደሎ ዕቃ ከቤት አይወጣም» አለች አደይ ኩባያውን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ እየሸፈነች። «ለሰው ቤትም ይሁን ለቢሮ።»

ለተ ጨርቁን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔም ጨርቁን አየሁት። ቀስ ብላ ተነሥታ ኤምባሲው ገባች። ተከትያት ስገባ፣ ያለ ጓንት፣ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ እየሣቀች ነው። ዕንባዋ በጣቶቿ መሐል ይወርዳል።

«ለቢሮ» አለች መናገር ሲሳካላት። «ስጦታ መስሏት ነው። ባዶ እጃችንን ቢሮ እንዳንሄድ ብላ። እኔ ዐይንህን አስጨፍኜ ሳይንስ እሠራለሁ፣ አደይ ከኋላዬ በጥሕኒ ትሞላዋለች።»

«እንንገራት?»

«እንዳትነግራት። ልጄን በእጄ አሰደብኩ ብላ ትሞትብኛለች።» ፊቷን ጠረገች። «መድኃኒቱን ዐውቀዋለሁ። እስከ አፉ ሞልተን እንልካለን። የምትጨምርበት ቦታ ካላገኘች ምን ታደርጋለች?»

ከዚያው ከረጢት፣ ከዚያው ፍጭት አዲስ ዕቃ ሞላች። መታ መታ እያደረገች ጠቀጠቀችው፤ ሲጎድል ደግማ ሞላችው። ክዳኑን ገጥማ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገችው። ከዚያ ወጥታ አደይን ያለ ምክንያት አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። አደይም «እንታይ ደኣ ኴንኪ፣ ምን ሆነሻል፣ ገንዘብ ነው የፈለግሽው?» አለቻት።

«ጠዋት ቀድመህ ተነሣ፣ ዕቃውን ታደርሳለህ» አለችኝ ለተ ወደ መኝታዋ ስትሄድ። «ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምቀሰቅስህ።»

በማግስቱ አልቀሰቀሰችኝም።

ይህን ቦታ በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። በትግርኛም አላውቅም። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ወጣት ናት እኮ አልነው። አንዳንዴ እንዲህ ነው አለ። በቃ።

ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው መጣ። የዩኒቨርሲቲ ደንበኞቿም መጡ፤ እንዴት እንደሚቀመጡ ግራ ገብቷቸው ተደርድረው ተቀመጡ። ባለ ፋርማሲውም መጣ። አጠገቤ ተቀመጠና ሊያጽናናኝ «ገብስ ምንም አይደለም፤ ሰው አይጎዳም። ሌላው ስንት የከፋ ነገር ይቀላቅላል» አለኝ። ከልቡ ነው። አንዳንድ ሰው እንባህን ሊጠርግልህ መጥቶ ዐይንህን ይወጋሃል። ከኋላችን ያሉ ሴቶች «ምስኪን፣ ኑሮ ከብዷት ይሆናል የቀላቀለችው» ተባባሉ። አደይ ሰማች። ስለ ገብሱ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ቀና አለችና «ልጄ? ልጄ ናት የቀላቀለችው?» አለች።

እኔ አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ከእውነቱ ጎን ደግሞ የለተ «እንዳትነግራት» ነበር። ሁለቱ በር ላይ እንደተገናኙ እንግዶች አንተ ቅደም አንተ ቅደም ሲባባሉ፣ አያ ግደይ ከመሐል ተነሥተው ቆሙ።

«ስሙኝ» አሉ። «ያ ገብስ የኔ ጥፋት ነው። የሌላ ሰው ጥሕኒ ከልጅቷ ዱቄት ጋር አደባልቄባታለሁ። እሷ ንጹሕ ናት። ማንም ስሟን አያንሣ።»

በዚያች ቀን ጥርሴ ይርገፍ ያሉ ሰው ናቸው። ገብሱ ከየት እንደመጣ አያውቁም፤ ከሳቸው እንዳልመጣ ብቻ ያውቃሉ። ግን የሞተ ሰው መልስ መስጠት አይችልም፤ እሳቸው ወፍጮ ስላላቸው ስድቡን ወደ ወፍጮው አዞሩት።

ወፍጮው ግን እንደሳቸው ልብ ሰፊ አልነበረም። ጤፍ የምታስፈጭ ሴት ገብስ የሚያደባልቅ ወፍጮ አትፈልግም። ሰው ወረፋውን ወደ ታችኛው ወፍጮ ቤት ይዞ ሄደ። ሳልፍ አያ ግደይን በራቸው ላይ ቁጭ ብለው አያቸዋለሁ። ከሁሉም የባሰችው አደይ ናት። ሰላምታቸውን አትመልስም። «ከባለቤቴ ጋር አንድ ገበታ የበላ ሰው ልጄን እንዲህ ያደርጋታል?» ትላለች፣ ጥሕኒውን በሞላችበት በዚያው እጅ ፊቷን እየሸፈነች። ላቦራቶሪ የሄደው ዕቃ ተመርምሮ ወረቀት እንደወጣበት አታውቅም። እሷ እንደምታውቀው ያ ዕቃ ስጦታ ነበር፤ ስጦታ ደግሞ አይመረመርም።

ስለዚህ የቀረኝ መንገድ አንድ ነው። ለተ ያሸገችው ዕቃ። ዱቄቱ ከዚያው ከረጢት፣ ከዚያው ፍጭት ነው። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ለተም አያ ግደይም ነጻ ይወጣሉ፤ አደይም ምንም ሳታውቅ ትቀራለች። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ያ ዕቃ የለተ እጅ መጨረሻ የዘጋው ነገር ነው። ፕላስተሩ ጫፍ ላይ የጥርሷ ምልክት አለ፤ መቀስ መፈለግ ትጠላ ነበር። እያነሣሁ መልሼ አስቀመጥኩት። እያስቀመጥኩ አነሣሁት። በመጨረሻ ራሴን «ለመቀመጥ አይደለም የሞላችው» ብዬ ተቆጣሁትና ታቀፍኩት።

አደይ በር ላይ ያዘችኝ። ዕቃውን ከእጄ ወስዳ በእጇ መዘነችው፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነቀነቀችው። ድምፅ የለውም። «ይኼኛው ሞልቷል» አለች። ተነፈስኩ። ለተ፣ አሸነፍሽ አልኩ በልቤ።

«ቆይ» አለች አደይ። ገባች። በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛ ወጣች። «ለዚያች ለቢሮዋ ልጅ ስጣት። ሐዘን ቤት ነን ተብሎ ባዶ እጅ አይኬድም።»

ሐዘንተኛ እናት የሰጠችህን አልወስድም አትልም። ወሰድኩ።

ትዕግሥት የተላጨ ጭንቅላቴንና ጥቁር ልብሴን ስታይ ቆመች። «ማን ነው?» አለችኝ። «ለተ» አልኩ። «ነፍስ ይማር» አለች። ዕቃውን ሰጠኋት። ጥቂቱን እንደምትመረምር፣ ጥቂቱን ለማመሳከሪያ እንደምታስቀምጥ፣ የቀረውን እንደምትመልስልኝ ነገረችኝ። «ይኼኛውስ?» አለች ቋጠሮውን እያየች። ይህ ስጦታ ነው፣ ብዪው፣ ማለት ነበረብኝ። «እናቴ ናት የላከችው» ብቻ ብዬ ወጣሁ።

ውጤቱ ሲደርስ ተቀብዬ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩ። ሽፈራው ነው፤ ባዕድ ነገር አልተገኘበትም። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎች በላዬ እየተራመዱ አለፉ። ከዚያ ወደ አደይ ሮጥኩ፤ ሁለተኛ ገጽ መኖሩንም ልብ አላልኩም።

«አንብብልኝ» አለች። በአማርኛ እያየሁ በትግርኛ አነበብኩላት። ንጹሕ ነው የሚለው ላይ ስደርስ ዐይኗን ጨፈነች። «ድገመው» አለች። ደገምኩት። ያኔ ነው ከሥሩ ሌላ ወረቀት ያየሁት። አየት አደረግሁትና አጠፍኩት።

«ሌላ አለ» አለች አደይ።

«ያው ነው።»

«ያው ከሆነ አንብበው።»

ናሙና ሁለት፣ ይላል። የተቆላ ገብስ። ባዕድ ነገር አልተገኘበትም። ከመጀመሪያው ምርመራ ተቀምጦ ከቆየው ናሙና ውስጥ ካለው የገብስ ዱቄት ጋር ሲመሳከር በዐይንም በማይክሮስኮፕም አንድ ዐይነት ሆኖ ታይቷል። ትዕግሥት የሥራ ሰው ናት፤ ላቦራቶሪ የገባን ነገር ሳትመረምር አትተወውም። ለስጦታ የሚሆን ክፍል እዚያ የለም።

አደይ እጇን ገልብጣ መዳፏን አየችው።

«ጥሕኒው የኔ ነው።»

«የምርመራው ዕቃ መሆኑን አላወቅሽም፣ አደይ።»

«ለተ ዐውቃ ነበር?»

«ዐውቃ ነበር።»

«ተቆጣችኝ?»

«ሣቀች።»

«አትዋሸኝ። እንዴት ሣቀች?»

ተነሣሁ። ግድግዳውን ተደገፍኩ፣ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ ትከሻዬን አርገፈገፍኩ። ለተ እንዳደረገችው አድርጌ አሳየኋት። እንባዬም መጣ፤ እሱን እንኳ ማስመሰል አላስፈለገኝም። አደይ እያየችኝ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ልታለቅስ ነው ብዬ ልጠጋት ስል አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሣቁ ከየት እንደወረደ ያን ጊዜ አየሁት። ለተ የወረሰችው ከሷ ነው። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ «እና ግደይ ያልሠራውን ነው የተሸከመው?» አለች።

«አዎ።»

«እኔም ሰላም ነሣሁት።»

«አዎ።»

«ነገ ገብስ እናስፈጫለን» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነሣሁ። አደይ ያዘጋጀችውን አንድ ማዳበሪያ ገብስ በትከሻዬ አደረግሁ። በሌላው እጄ ከበረንዳው ላይ ያን ቀን ከለተ ጋር የለቀምነውን የሽፈራው ቅጠል በከረጢት ያዝኩ። አደይ ከፊቴ ትሄዳለች። በባለ ፋርማሲው በር ስናልፍ ወረቀቱን ሰጠሁት። ሁለቱንም ገጽ አነበበና «ዕቃውን አምጣው፣ መደርደሪያ አለኝ» አለ። ትንሽ አስቦ «በሶውንስ ትሸጣላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አደይ በቀጥታ ወደ አያ ግደይ በር አልሄደችም። መጀመሪያ ወደ ታችኛው ወፍጮ ቤት ሄዳ፣ ወረፋ የያዙትን ሴቶች «ኑ፣ የምነግራችሁ አለኝ» ብላ ከነእህላቸው አስነሥታ አመጣቻቸው። ሐዘንተኛን እምቢ ያለ አልነበረም። አያ ግደይ ሰው ሲመጣ አይተው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ስሙ» አለች አደይ። «ያ ገብስ የኔ ነው። በእጄ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ግደይ የለበትም።»

«አደይ ለምለም፣ ሐዘንተኛ ነዎት፣ ይቀመጡ» አሉ አያ ግደይ። «ጥፋቱ የኔ ነው ብያለሁ።»

«የኔ ነው አልኩህ። ወረቀት አለኝ።»

«ወረቀት ምን ያውቃል። ወፍጮው የማን ነው?»

«ገብሱስ የማን ነው?»

አንዱ ወደራሱ ይጎትታል፣ ሌላው ወደራሱ ይጎትታል። ጥፋት እንዲህ ሲሻሙበት አይቼ አላውቅም። ጤፍ የተሸከመች አንዲት ሴት «እናንተ ተካፍላችሁ እስክትጨርሱ እኛ እናስፈጭ?» አለች። ሰው ሣቀ። አያ ግደይም ሣቁ፤ ጥርሳቸው ነጭ ሆኗል።

እኔ ገብሱን መሬት ላይ አኖርኩት። «አያ ግደይ፣ ቅጠሉ ይቅደም» አልኳቸው። «ገብሱ ከኋላ።»

«ሕራይ ወደይ፣ እሺ ልጄ» አሉ፤ የወፍጮውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉልኝ። ከረጢቱን ከፍቼ ላፈስስ ስል ከቅጠሉ መሐል አንድ እንጨት አየሁ። ከኔ ክምር መሆን አለበት፤ የለተ እጅ አያሳልፍም ነበር። አነሣሁት፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ቅጠሉን አፈሰስኩና፣ ወፍጮው እስከ አፉ ሲሞላ፣ «ያስነሡት» አልኳቸው።